መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት፦ ከሐሳብ ካርታ ወደ አስተዋጽኦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ሲጻፍ አይደለም፤ ከመጻፉ በፊት ነው። ምረቃ ሲቃረብ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ጋ ቆም ብትሉ ታዩታላችሁ። ተማሪው በእጁ የጻፈውን ታይፕ ያስደርጋል። ፕሪንት ያወጣል። አማካሪው "ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" ብሎ ይመልስለታል። እንደገና ታይፕ፣ እንደገና ፕሪንት፣ እንደገና ብር። የፊደል ግድፈት ቢሆን በአንድ ምሽት ይታረም ነበር። የሐሳብ መዘበራረቅ ግን በአንድ ምሽት አይታረምም።

የሚቸገረው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ርዕሱን ጽፎ፣ አስምሮበት፣ ቁጭ ይላል። ሌላው የሚያውቀውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ገጽ 3 ላይ ያለው ገጽ 9 ላይ ይደገማል። ለሁለቱም የሚሠራው ዘዴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሐሳብ ካርታ፣ ቀጥሎ አስተዋጽኦ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ማይንድ ማፕ የሚሉት የሐሳብ ካርታ ያላችሁን ነገር ለማውጣት ነው። አውትላይን የሚሉት አስተዋጽኦ የወጣውን ለመደርደር ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመሥራት የሚሞክር ሰው እያወጣ ይደረድራል፣ እየደረደረ ይሰርዛል፣ መጨረሻ ላይ "መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ" የሚሉ ሦስት ቃላት ይዞ ይቀራል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ለመጽሔት የሚሆን የ1,200 ቃል ጽሑፍ ልትጽፉ ነው እንበል። ርዕሰ ጉዳዩ ደሴና ኮምቦልቻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

ሰፋ ያለ ወረቀት ያዙ። ኤ ስሪ ወረቀት ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ካጣችሁ ሁለት የደብተር ቅጠል ጎን ለጎን በፕላስተር አጣብቁ። የደብተር መስመር እጃችሁን ወደ ዝርዝር ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ወረቀቱን አግድም አዙሩት። ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ፦ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ስልካችሁን ለሰዓት ብቻ ተጠቀሙበት። ዳታውን አጥፉት።

የካርታ መሥሪያ አፕሊኬሽን አለ፤ ኤክስማይንድና ሲምፕልማይንድ የታወቁት ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ግን ተዉት። ሰው ሐሳቡን ትቶ ቀለምና ቅርጽ ሲመርጥ ይመሻል። በዚያ ላይ ወረቀት መብራት ሲጠፋ አይጠፋም።

አሁን ከወረቀቱ ጀርባ ላይ አራት መልስ ጻፉ፦

1. የሚያነበው ማን ነው? "ሁሉም ሰው" አትበሉ። አንድ የምታውቁትን ሰው አስቡ፤ ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለችና ወሎን አይታ የማታውቅ የአክስታችሁ ልጅ።
2. አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዲያውቅ ወይም ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ?
3. ርዝመቱ ስንት ነው?
4. የሚረከበው መቼ ነው? ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀንሱና አዲሱን ቀን የራሳችሁ ቀን አድርጉት።

እነዚህን ሳትመልሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ። በተለይ የመጀመሪያውን። ለኮምቦልቻ ሰው የምትጽፉ ከሆነ ሐረጎ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ አትነግሩትም። ለአክስታችሁ ልጅ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርድ ዳገት መሆኑን ካልነገራችኋት ግማሹ ጽሑፍ አይገባትም።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ለውጡ

"ደሴና ኮምቦልቻ" ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ርዕስ ማለቂያ የለውም፤ ጥያቄ ግን መልስ ሲያገኝ ያበቃል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉት፦ "ፋብሪካው ለምን ኮምቦልቻ ላይ በዛ፣ ለምን ደሴ ላይ አልሆነም?"

ጥያቄው "ለምን" ወይም "እንዴት" ቢኖረው ይመረጣል። "ምንድን ነው" የሚል ጥያቄ ትርጉም ብቻ ያስጽፋችኋል። "ጥቅምና ጉዳት" የሚለው ደግሞ ከትምህርት ቤት ክርክር አብሮን የመጣ ልማድ ነው፤ አምስት ጥቅም፣ አምስት ጉዳት፣ አለቀ። አንባቢው ግን እናንተ ምን እንደምታስቡ ሳያውቅ ይቀራል።

ጥያቄው አልወጣ ካለ፦ ስለ ጉዳዩ ለጓደኛችሁ ስታወሩ ጓደኛችሁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁን ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ የሐሳብ ካርታውን ሣሉ

ጥያቄውን በወረቀቱ መሀል ጻፉና ክበቡት። ሰዓቱን 20 ደቂቃ ላይ ሙሉ። ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ፦

1. ከመሀሉ ወደ ውጭ መስመር አውጡ። በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ጻፉ። በምሳሌያችን "መሬት"፣ "መንገድ"፣ "ውኃ"፣ "ሰው"፣ "መንግሥት" ሊሆን ይችላል። ከአራት እስከ ሰባት ቅርንጫፍ ይበቃል።
2. ከየቅርንጫፉ ትናንሽ መስመሮች እያወጣችሁ የምታውቁትን ጨምሩ። ከ"መሬት" ሥር፦ ጦሳ ተራራ፣ ዳገት፣ የኮምቦልቻ ሜዳ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ከ"መንገድ" ሥር፦ አዲስ አበባ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ደረቅ ወደብ፣ ባቡር። ከ"ውኃ" ሥር፦ ቦርከና። ከ"መንግሥት" ሥር፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ።
3. አንዱ ቅርንጫፍ ሲደርቅ ወደ ሌላው ዝለሉ። በተራ መሄድ የለባችሁም።
4. ምንም አትሰርዙ። የማይረባ የሚመስለውንም ጻፉት፤ "የአየሩ ሙቀት" ይሁን፣ "የደሴ ብርድ" ይሁን።
5. ሰዓቱ ሲጮህ አቁሙ። በመሀል ተነስታችሁ ቡና አትጠጡ፤ ከ20 ደቂቃው በኋላ ጠጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በቅርንጫፉ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ማሳመር ትጀምራላችሁ። ማሳመር ስትጀምሩ ማሰብ ይቆማል። ይህን አጭር ምክር ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል፤ ከዚያ ካርታው ወደ ክብ ድርሰት ይለወጥበታል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ሰዓት ጎግል አትክፈቱ። ያላችሁን ሳታወጡ የሌላ ሰው ሐሳብ ከገባ የናንተው ተደብቆ ይቀራል። ቻትጂፒቲንም እንዲሁ። አስተዋጽኦ አውጣልኝ ብትሉት በሰከንድ ያወጣላችኋል፤ ያወጣው ግን ስለ ማንኛውም ከተማ የሚሆን አስተዋጽኦ ነው። የከተማውን ስም ቀይራችሁ ስለ አዳማ ልትጽፉበት ትችላላችሁ። የራሳችሁን ካርታ ከጨረሳችሁ በኋላ "ምን ረሳሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁት አይከፋም።

ካርታው ባዶ ሆኖ ከቀረ፦ አብሽሩ፣ ያጋጥማል። በጥያቄ ቆስቁሱት። ማን? የት? ከመቼ ጀምሮ? ስንት? ማን ተጎዳ? ማን ተጠቀመ? ይህ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? እያንዳንዱን ጥያቄ ለየቅርንጫፉ ጠይቁ። ይህም ካልሠራ ችግሩ የዘዴ አይደለም፤ ስለ ጉዳዩ ገና አታውቁም ማለት ነው። ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱና ሄዳችሁ አንብቡ፣ ሰው ጠይቁ። ከዚያ እዚያው ወረቀት ላይ በሌላ ቀለም ቀጥሉ።

ካርታው ከሞላ በኋላ ዓይን እስኪያደናግር ከተጠላለፈ፦ አንዱ ቅርንጫፍ ብቻውን ሌሎቹን ሁሉ የሚያህል መሆኑን ተመልከቱ። ከሆነ የናንተ ጽሑፍ ምናልባት እሱ ብቻ ነው። አዲስ ወረቀት አምጡና እሱን መሀል ላይ አድርጋችሁ እንደገና ሣሉ። የሚቀረው ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ተለይቷል፤ ደስ ይበላችሁ።

ደረጃ 3፦ ካርታውን አበጥሩት

ቢቻል በማግስቱ ሥሩት። አንድ ሌሊት ያደረ ካርታ ላይ ስህተቱ በቀላሉ ይታያል።

አረንጓዴውን ያዙና እርግጠኛ በሆናችሁበት ነገር ላይ ምልክት አድርጉ። ለምሳሌ፦ ደሴን የሚያገለግለው አውሮፕላን ማረፊያ ኮምቦልቻ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ከጎኑ ከየት እንዳገኛችሁት በአጭሩ ጻፉ፤ "ራሴ አይቻለሁ" ቢሆንም።

ቀዩን ያዙና መጣራት ባለበት ላይ የጥያቄ ምልክት አኑሩ። ቁጥር፣ ዓመተ ምሕረትና "ይባላል" የሚሉት ሁሉ ቀይ ይግባባቸው። ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ። ምንጩ በእንግሊዝኛ ከሆነ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ይህን ረስቶ ፓርኩን በ2017 ዓ.ም. የሚያስመርቅ ጽሑፍ ብዙ ነው።

ከዚያ ዝምድናውን ፈልጉ። ከተለያየ ቅርንጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች አንዱ ሌላውን የሚያመጣ ከሆነ በቀስት አገናኙ። "አውሮፕላን ማረፊያ" ከ"ሜዳ" ጋር ይገናኛል። "ደረቅ ወደብ" ከ"ባቲ" እና ከ"ሚሌ" ጋር ይገናኛል፤ ጭነቱ ወደ ባሕር የሚሄደው በዚያ ነውና። ቀስት የበዛበት ቦታ የጽሑፋችሁ ልብ ነው። ምንም ቀስት ያልነካው ቅርንጫፍ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢጥማችሁ፣ ምናልባት ለሌላ ጽሑፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ሰው ይጨክንበታል ማለት ያስቸግራል። የደሴ ሰው ስለ ደሴ ሲጽፍ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ መተው ሞት ይመስለዋል። ጥያቄያችሁ ስለ ፋብሪካ ከሆነ ግን አይጠየፍ አይገባም።

ደረጃ 4፦ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ይህ ከሁሉም አጭሩ ደረጃ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም ይህን ነው። ከካርታ በቀጥታ ወደ አስተዋጽኦ የሄደ ሰው ቅርንጫፎቹን ንዑስ ርዕስ ያደርጋቸዋል፦ 1. መሬት 2. መንገድ 3. ውኃ። ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅቤው ጓዳ ስላለ ወጥ ተሠራ አይባልም።

ካርታውን ፊታችሁ አድርጉና የደረጃ 1ን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። የኛ ምሳሌ እንዲህ ይሁን፦ "ፋብሪካው ደሴን ትቶ ኮምቦልቻ ላይ የበዛው ኮምቦልቻ ሜዳም የመንገድ መጋጠሚያም ስላላት ነው።"

ዓረፍተ ነገሩን በሁለት ነገር ፈትኑት። አንደኛ፣ አንድ አስተዋይ ሰው "የለም፣ አይደለም" ብሎ ሊከራከራችሁ ይችላል? ማንም የማይከራከርበት ከሆነ፣ ለምሳሌ "ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት" ካላችሁ፣ ገና መልስ አልሰጣችሁም። ሁለተኛ፣ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል? "እና" እያላችሁ አራት ነገር ካያያዛችሁበት አራት ጽሑፍ ነው የያዛችሁት።

ዓረፍተ ነገሩ አልወጣ ካለ፦ ሦስት የተለያዩ መልሶች ጻፉ፤ መጥፎም ይሁኑ። ከዚያ ብዙ ቀስት ያለውን ምረጡ። ስትጽፉ ሊቀየር ይችላል፤ ችግር የለውም። ያለ እሱ መጀመር ግን አይሆንም።

ደረጃ 5፦ አስተዋጽኦውን አውጡ

አሁን የደብተር መስመር ያስፈልጋችኋል። አዲስ ቅጠል ላይ ዋናውን ዓረፍተ ነገር ከላይ ጻፉ። ከዚያ፦

1. መልሳችሁ እውነት መሆኑን ለማሳየት አንባቢው ማመን ያለበትን ከሦስት እስከ አምስት ነገር ጻፉ። እያንዳንዱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ካርታው ላይ የተከለከለው እዚህ ግዴታ ነው።
2. ከእያንዳንዱ ሥር በ"ሀ"፣ "ለ"፣ "ሐ" ማስረጃውን አስገቡ። ማስረጃው ከካርታው አረንጓዴ ምልክት ካለበት ይምጣ። ቀይ ከሆነ የጥያቄ ምልክቱን ይዞ ይምጣ።
3. ከጎን የቃል ብዛት መድቡ። ድምሩ ከተፈቀደላችሁ ርዝመት አይለፍ።

ይህን ይመስላል፦

መግቢያ፦ የደሴ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። — 100 ቃል

1. ደሴ ለፋብሪካ የሚሆን ሰፊ ሜዳ የላትም። — 250 ቃል
ሀ. ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በዳገትና በኮረብታ መካከል የተሠራች ናት።
ለ. 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወርዱ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ሜዳው ያለው እዚያ ነው።

2. ኮምቦልቻ ላይ መንገድ ይገናኛል። — 300 ቃል
ሀ. ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፣ ሌላው በባቲ ወደ ሚሌ ይሄዳል።
ለ. ደረቅ ወደቡም፣ ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር መስመርም ይህንኑ ተከትለው መጡ። (?)

3. አንዱ ፋብሪካ ሌላውን ጎተተ። (?) — 300 ቃል
ሀ. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በደርግ ዘመን ተተከለ።
ለ. ቢራው፣ ቆዳውና ብረታ ብረቱም እዚያው አሉ።
ሐ. በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ።

4. ነገር ግን ደሴ አልተጎዳችም፤ ገበያውና አገልግሎቱ ከላይ ቀረ። (?) — 200 ቃል

መዝጊያ፦ 50 ቃል

ቁጥር 3 እና 4ን ልብ በሉ። የጥያቄ ምልክት አለባቸው፤ ቁጥር 4 ደግሞ ከሥሩ አንድም ማስረጃ የለውም። አስተዋጽኦው የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ባዶ ቦታውን ከመጻፋችሁ በፊት ያሳያችኋል። "1. የደሴ መልክዓ ምድር 2. የኮምቦልቻ መንገዶች 3. ፋብሪካዎች 4. ደሴ" ብላችሁ በስም ብቻ ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሙሉ ይመስላል። ቁጥር 4 ጋ ስትደርሱ ነው ብዕሩ የሚቆመው፤ ያኔ ደግሞ የመረከቢያው ቀን ነገ ነው።

ማስረጃ ያጣ ነጥብ ሲገጥማችሁ ሦስት ምርጫ አላችሁ። ሄዳችሁ ማስረጃ ፈልጉ። ወይም ነጥቡን አለዝቡት። ወይም አውጡት። አራተኛው ምርጫ፣ በቃላት ብዛት መሸፈን፣ አማካሪም አንባቢም ያውቀዋል።

መግቢያው አልመጣ ካለ ባዶ ተዉት። ሰው ሁሉ መግቢያ ላይ የሚታሰረው ገና ያልጻፈውን ነገር ለማስተዋወቅ ስለሚሞክር ነው።

ደረጃ 6፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ፈትኑት

ዋና ዋና ዓረፍተ ነገሮቹን ብቻ በተከታታይ አንብቡ። በየሁለቱ መካከል አንድ ማያያዣ አስገቡ። "ምክንያቱም"፣ "ስለዚህ"፣ "ነገር ግን"፣ "በዚህ የተነሳ" ከገባ ጥሩ ነው። "እንዲሁም" እና "በተጨማሪም" ብቻ የሚገባ ከሆነ የያዛችሁት ዝርዝር ነው። ቅደም ተከተሉን ቀይሩና እንደገና ሞክሩ።

በኛ ምሳሌ፦ "ደሴ ሜዳ የላትም፤ *ኮምቦልቻ ግን* ሜዳ ብቻ ሳይሆን መንገድም አላት፤ *በዚህ የተነሳ* አንዱ ፋብሪካ ሌላውን ጎተተ።" ይሄዳል።

ከዚያ ለሌላ ሰው አንብቡለት። ጎበዝ ጸሐፊ መሆን የለበትም፤ የማያውቀውን ለመጠየቅ የማያፍር ይሁን። "ቆይ፣ ይሄ ከየት መጣ?" ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። አትከራከሩት። በቃል ካስረዳችሁት በኋላ ከገባው፣ ያስረዳችሁበት ነገር አስተዋጽኦው ውስጥ ጎድሏል ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ ኮምፒውተር አስገቡት

አስተዋጽኦውን ወርድ ላይ ስትጽፉ ቁጥሩን በእጅ እየጻፋችሁ፣ ፊደሉን እያወፈራችሁ ርዕስ አታድርጉት። ሄዲንግ ዋን እና ሄዲንግ ቱ የሚሉትን ስታይሎች ተጠቀሙ። ከላይ ቪው፣ ከዚያ አውትላይን ስትጫኑ ሙሉው አስተዋጽኦ ይወጣላችኋል። ታብ መስመሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሺፍት ይዛችሁ ታብ ስትጫኑ ከፍ ይላል። ኦልትና ሺፍትን አንድ ላይ ይዛችሁ የላይ ወይም የታች ቀስት ስትጫኑ ነጥቡ ቦታውን ይቀይራል። ኮፒ ፔስት ሲሉ ግማሽ አንቀጽ መጥፋት በዚህ ይቀራል። ሄዲንግ ከተጠቀማችሁ ማውጫውም በራሱ ይወጣል፤ የገጽ ቁጥር በእጅ መለቀም የለም።

የፊደል ነገር፦ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከመጀመሪያው ኒያላን ወይም ሌላ ዩኒኮድ ፊደል ተጠቀሙ። ጽሕፈት ቤት ታይፕ የምታስደርጉ ከሆነ ይህን በግልጽ ንገሯቸው፤ ፋይሉንም በፍላሽ ብቻ ሳይሆን በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት። ፍላሽ ቫይረስ ይይዛል፣ ይጠፋል።

ደረጃ 8፦ ከአስተዋጽኦው ላይ ጻፉ

ከቁጥር 1 መጀመር የለባችሁም። ብዙ አረንጓዴ ካለበት ነጥብ ጀምሩ። አንድ ነጥብ ስትጨርሱ አስተዋጽኦው ላይ ምልክት አድርጉ። የቃል ብዛቱን ተመልከቱ፤ ለ250 የመደባችሁት 500 ከሆነ ወይ ሁለት ነጥብ አንድ ላይ ጨምቃችኋል፣ ወይ ያንኑ ደግማችኋል።

እየጻፋችሁ አዲስ ሐሳብ ሲመጣ ወዲያው ጽሑፉ ውስጥ አትወትፉት። መጀመሪያ አስተዋጽኦው ላይ ቦታ ፈልጉለት። ቦታ ካገኘ ይግባ። ካላገኘ ካርታው ጥግ ላይ ጻፉትና ቀጥሉ። አስተዋጽኦው ራሱ የተሳሳተ መሆኑ መሀል ላይ ቢገባችሁ መጻፉን አቁሙና አስተዋጽኦውን አስተካክሉ። በተሳሳተው ላይ መቀጠል ቆራጥነት አይደለም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፉ

"የኛ አስተዋጽኦ ተሰጥቶናል" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ መግቢያ፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት፣ የጥናቱ ዘዴ፣ ትንተና፣ ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ። ትምህርት ክፍሉ የሰጠው ግን ሳጥኑን ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አልሰጣችሁም። ምዕራፎቹን አትንኩ። ካርታውን ለሁለት ምዕራፍ ለየብቻ ሥሩ፦ ለተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝትና ለትንተናው።

ቅኝቱ ላይ አብዛኛው ተማሪ ከጓደኛው በፍላሽ የወሰደውን ቅርጽ ይከተላል፦ እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ አለች። በካርታው ላይ ቅርንጫፎቹን የአጥኚዎቹን ስም ሳይሆን የሚለያዩበትን ነጥብ አድርጉ። ከየነጥቡ ሥር ማን ይስማማል፣ ማን አይስማማም ብላችሁ ስማቸውን አስገቡ። አንዱ አጥኚ ሦስት ቦታ ሊገባ ይችላል፤ መግባትም አለበት። ቅርንጫፍ ሥር ማንም ስም ከሌለ የጥናታችሁ ክፍተት እዚያ ሊሆን ይችላልና አማካሪያችሁን በሱ ጠይቁ።

ትንተናው ላይ ቅርንጫፎቹ የጥናት ጥያቄዎቻችሁ ይሁኑ። የሰበሰባችሁት መረጃ ከየትኛው ጥያቄ ሥር እንደሚገባ አይታችሁ አስገቡ። የትም የማይገባ መረጃ ይተርፋል፤ መጠይቁ ላይ ስለተጠየቀ ብቻ ሠንጠረዥ አትሥሩለት።

ወደ አማካሪ ስትሄዱ 40 ገጽ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ገጽ አስተዋጽኦ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ገጽ ቆሞም ይነበባል። 40 ገጽ ግን ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ያድራል።

ጽሑፉ አስቀድሞ ተጽፎ ከተበላሸ

ሁሉንም ቀድዳችሁ አትጣሉ። ፕሪንት የወጣውን ያዙና ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን፣ ህዳጉ ላይ፣ አንቀጹ የሚለውን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለአንዱ አንቀጽ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካስፈለገ ለሁለት ክፈሉት። ምንም ዓረፍተ ነገር ካልወጣለት አንቀጹ ምንም አላለም፤ ሰርዙት። ሁለት አንቀጽ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከያዙ የተሻለውን አስቀሩ።

ከዚያ የህዳጉን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ በሌላ ወረቀት ላይ በተራ ገልብጡ። ይህ አሁን ያላችሁ አስተዋጽኦ ነው። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና ዋናውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ ደረጃ 6ን አስኪዱበት። ብዙ ጊዜ ዋናው ዓረፍተ ነገር የመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ጸሐፊው የሚለውን ያገኘው ጽፎ ሲጨርስ ነውና። ከዚያ አንሱትና መግቢያው ላይ አምጡት፤ የቀሩትን አንቀጾች እሱን በሚደግፉበት ቅደም ተከተል ደርድሩ፤ የማይደግፉትን ለይታችሁ በሌላ ፋይል አስቀምጡ።